ዒላማው የት ነው? ስለ ጭንቅላትና አንገት ካንሰር የፀረ እንግዳ አካል ሕክምና

(ከቸርችል ጎዳና ብዙም በማይርቅ አዳራሽ፣ አብዛኞቹ የታማሚ ቤተሰቦች ለሆኑ ታዳሚዎች በቃል የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

በካንሰር ሕክምና ክፍል የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ሐኪም ባልሆንም ወደ መድኃኒት መስኮቱ የሚመጣው ሰው ሁሉ «ዶክተር» እያለ ስለሚጠራኝ፣ ከሐኪሙ ጋር ተጀምሮ ያላለቀ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ መጨረሻው እኔ ዘንድ ነው። የዛሬውን ንግግር ያመጣውም እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት በዝናብ የራሰ ጃኬቱን ሳያወልቅ ስልኩን በመስኮቱ አሾልኮ የአንድ ብልቃጥ ፎቶግራፍ አሳየኝ። ሴቱክሲማብ የተባለው የፀረ እንግዳ አካል መድኃኒት ነበር። አባቱ የማንቁርት ካንሰር እንዳለባቸው ተነግሯቸው፣ ሐኪማቸው የጨረር ሕክምናን ሲስፕላቲን ከተባለው የኬሞ መድኃኒት ጋር አዞላቸዋል፤ ውጭ አገር የምትኖረው እኅቱ ግን «ሲስፕላቲን የድሮ መርዝ ነው፤ አሁን ካንሰሩን ብቻ ለይቶ የሚመታ መድኃኒት አለ» ብላ ፎቶግራፉን ልካለታለች። ቤተሰቡ የእናትየውን ወርቅና የሚሠሩበትን መኪና ለመሸጥ ተስማምቷል። ልጁ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ይሄኛው ይበልጣል፣ አይደል ዶክተር?»

ያን ዕለት ከኋላው ሰልፍ ስለነበረ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

አስቀድሜ ስለ በሽታው ስም አንድ ነገር ላንሣ። «የጭንቅላትና የአንገት ካንሰር» ሲባል ብዙ ሰው የአንጎል ዕጢ ይመስለዋል። የአንጎል ዕጢ በዚህ ስም አይጠራም፤ የታይሮይድ ካንሰርም እንዲሁ። በዚህ ስም የሚጠራው ከከንፈር እስከ ማንቁርት ባለው መንገድ፣ ማለትም በአፍ፣ በምላስ፣ በቶንሲል፣ በጉሮሮና በአፍንጫ ውስጠኛ ሽፋን ላይ የሚነሣው ካንሰር ነው፤ ከ10 ሕሙማን በ9ኙ የሚነሣውም ከዚያ ሽፋን ጠፍጣፋ ሴሎች ነው። ትምባሆና አልኮል ዋነኞቹ መንሥኤዎች ሲሆኑ፣ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ አደጋው ከመደመር ይልቅ ይባዛል። ከሰዓት በኋላ ሲጋራና ሺሻ እያጨሰ ጫት ሲቅም ውሎ ማታ በጨብሲ የሚዘጋ ሰው ስለዚህ ማባዛት ቢያውቅ ጥሩ ነው። ከዚህ ሌላ የቶንሲልና የምላስ ሥር ካንሰርን የሚያመጣው የሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአገራችን ለልጃገረዶች የሚሰጠው የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት የሚከላከለው ያው ቫይረስ፣ አለ፤ ከአፍንጫ ጀርባ የሚነሣው ካንሰር ደግሞ ከኤፕስታይን ባር ቫይረስ ጋር የተያያዘ ነው። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መጎርነን፣ በአፍ ውስጥ የማይድን ቁስል፣ በአንገት ላይ የማያምም እብጠት፣ ምግብ ሲውጡ ማነቅ ያለበት ሰው የአንገት፣ የጆሮና የአፍንጫ ሐኪም ዘንድ መታየት አለበት። ይህን እዚህ ላይ አቆመዋለሁ፤ የመጣሁት ስለ መድኃኒቱ ለመናገር ነው።

ፀረ እንግዳ አካል ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ኩፍኝ ይዞት የዳነ ሰው ሁለተኛ የማይያዘው ያን ቫይረስ ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል በደሙ ውስጥ ስለሚቀርለት ነው። ይህን ፕሮቲን ለመድኃኒትነት ማዋል ያስቸገረው፣ ሰውነት በአንድ ጊዜ ብዙ ዓይነት እያቀላቀለ ስለሚሠራው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 በካምብሪጅ ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራውን የአይጥ ሴል ከማይሞት የካንሰር ሴል ጋር አዋሕደው፣ አንድ ዓይነት ብቻ ያለማቋረጥ የሚያመርት የሴል ዘር አገኙ፤ በ1984ም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ዛሬ በብልቃጥ የምንቀበላቸው መድኃኒቶች የዚያ ግኝት ልጆች ናቸው። በነገራችን ላይ ስማቸው ራሱ የትውልድ ሐረጋቸውን ይናገራል፦ «ማብ» የሚለው መጨረሻ ከአንድ ዘር የተገኘ ፀረ እንግዳ አካል መሆኑን ይነግረናል፤ ከፊቱ «ክሲ» ካለ ከአይጥና ከሰው የተዳቀለ ነው፣ «ዙ» ካለ ደግሞ ጥቂት የአይጥ ቅሪት ብቻ ያለው፣ ሌላው ሁሉ የሰው የሆነ ነው። ሴቱክሲማብ የመጀመሪያው፣ ኒሞቱዙማብ የሁለተኛው ወገን ነው። ይህ የስም ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ወደ ኋላ ስለ አለርጂ ስናገር ታያላችሁ።

ዒላማውስ ምንድን ነው? አሜሪካዊው ስታንሊ ኮኸን ከአይጥ የምራቅ ዕጢ ያወጣውን ንጥረ ነገር በአዲስ የተወለዱ አይጦች ላይ ሲሞክረው ዓይናቸው ከቀኑ ቀድሞ ተከፈተ። የሽፋን ሴሎችን ዕድገት የሚያነሣሣው ያ ንጥረ ነገር የ1986ቱን የኖቤል ሽልማት ለእርሱና ለሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ካስገኙት ሥራዎች አንዱ ነው። ንጥረ ነገሩ የሚያርፍበት፣ በሴሉ ገጽ ላይ የቆመ ተቀባይ አለ፤ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኢጂኤፍአር ይባላል። አነቃቂው ሲያርፍበት ተቀባዩ ወደ ሴሉ ውስጥ «ተባዛ» የሚል መልእክት ይልካል። በጭንቅላትና አንገት ካንሰር ከ10 ዕጢዎች በ9ኙ ገደማ ይህ ተቀባይ ከልክ በላይ በዝቶ ይገኛል። ሴቱክሲማብ የሚሠራው፣ የማይሄድበትን ሚኒባስ ወንበር ቀድሞ እንደሚይዝ ሰው ነው፤ ራሱ ምንም መልእክት ሳያስተላልፍ አነቃቂው እንዳያርፍ ቦታውን ይዞበት ይቀመጣል። ከዚያም በላይ ጅራቱ የሰው ፕሮቲን ስለሆነ የሰውነት ተከላካይ ሴሎች እርሱን አይተው ዕጢውን እንዲያጠቁ ይጠራል።

እስከዚህ ድረስ የልጁ እኅት ልክ ነች። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

መድኃኒቱን ዝነኛ ያደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ሲሆን 424 ታማሚዎች ተሳትፈውበታል። ጨረር ብቻ የወሰዱት ከሕክምናው ወዲህ በሕይወት የቆዩበት ማእከላዊ ጊዜ፣ ማለትም ግማሾቹ ያለፉት ጊዜ፣ 29.3 ወር ሲሆን ጨረርን ከሴቱክሲማብ ጋር የወሰዱት 49 ወር ሆነ። የሚያስደስት ልዩነት ነው፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣንም በዚያው ዓመት ፈቀደው። ነገር ግን እባካችሁ የተወዳደረው ከማን ጋር እንደሆነ ልብ በሉ። የተወዳደረው ከጨረር ብቻ ጋር ነው፤ ከጨረርና ከሲስፕላቲን ጋር አይደለም። ሁለቱ ፊት ለፊት የተገናኙት ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ2018 ይፋ በሆኑ ሁለት ጥናቶች ነው። ሐኪሞቹ ያሰቡት በሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ምክንያት የመጣው የጉሮሮ ካንሰር በቀላሉ ስለሚድን፣ ሲስፕላቲንን በሴቱክሲማብ ተክተን ታማሚውን ከኩላሊትና ከመስሚያ ጉዳት እናድን የሚል ነበር። አሳቡ መልካም፣ ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። በአውሮፓው ጥናት 334 ታማሚዎች ነበሩ፤ በሁለት ዓመት በሕይወት የተገኙት በሲስፕላቲን 97.5 በመቶ፣ በሴቱክሲማብ 89.4 በመቶ ነበሩ። ከእርሱ በሚበልጠው በሰሜን አሜሪካው ጥናት ደግሞ በአምስት ዓመት 84.6 ለ77.9 በመቶ ሆነ። «የድሮው መርዝ» አሸነፈ። የጎንዮሽ ጉዳቱም፣ ዓይነቱ ተለየ እንጂ በድምሩ አልቀነሰም።

እኔ በዚህ ሥራ ከቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ይህን ያህል ያስተማረኝ ውጤት የለም። በስሙ የምንወደው መድኃኒት፣ «ዒላማ ተኮር» ስለተባለ ብቻ ይበልጣል ብለን ያመንነው፣ ሲፈተን ወደቀ። ለምን ወደቀ? አንዱ ምክንያት ዒላማው መኖሩና ሴሉ በዚያ ዒላማ ብቻ መኖሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። አንዱ መንገድ ሲዘጋበት ካንሰሩ «ተባዛ» የሚለውን ትእዛዝ በሌላ ተቀባይ በኩል፣ ወይም ከተቀባዩ በታች በተበላሸ ጂን በኩል ያገኘዋል። ሲስፕላቲን አልበጃቸው ብሎ ሴቱክሲማብን ለብቻው በወሰዱ 103 ታማሚዎች ዕጢው ጎልቶ የቀነሰላቸው 13 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። ተቀባዩ በ9ኙ ላይ እያለ ውጤቱ ከ10 በአንዱ ገደማ ቀረ ማለት ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ፣ በጡት ካንሰር ትራስቱዙማብ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ከመታዘዙ በፊት ዒላማው መኖሩ በላቦራቶሪ ሲመረመር፣ በጭንቅላትና አንገት ካንሰር ሴቱክሲማብ የሚታዘዘው ያለ ምንም የዒላማ ምርመራ መሆኑ ነው፤ የተቀባዩ ብዛት ማን እንደሚጠቀም አይናገርምና። ዒላማ ተኮር የምንለው መድኃኒት በተግባር ለሁሉም ይተኮሳል።

ታዲያ ቦታ የለውም ወይ? አለው። ኩላሊታቸው የደከመ፣ ጆሯቸው አስቀድሞ የከበደ፣ በዚህም ምክንያት ሲስፕላቲን የማይችሉ ታማሚዎች ጨረርን ብቻ ከሚወስዱ ሴቱክሲማብ ቢጨመርላቸው ይሻላል፤ የ2006ቱ ጥናት ያሳየው ከጨረር ብቻ እንደሚሻል ነውና። ለእነዚሁ ታማሚዎች በሙምባይ ታታ መታሰቢያ ሆስፒታል የተሠራ ጥናት ዶሲታክሴል የተባለው የኬሞ መድኃኒት ከጨረር ጋር በትንሽ መጠን በየሳምንቱ ሲሰጥ የሁለት ዓመት በሕይወት መቆየትን ከ41.7 ወደ 50.8 በመቶ ከፍ እንዳደረገ አሳይቷል፤ ዋጋውም ከፀረ እንግዳ አካል ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ስለዚህ «ሲስፕላቲን አይሆንም» ሲባል ወዲያው መድኃኒት በሻንጣ ከውጭ ወደሚያስመጡ ነጋዴዎች ከመሮጥ በፊት ስለዚህ አማራጭ ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው። ከኩባ የመጣው፣ እንደ ሴቱክሲማብ ያንኑ ተቀባይ የሚይዘው፣ የሚያስከትለው የቆዳ ሽፍታ ግን የሚቀለው ኒሞቱዙማብም ሙምባይ ውስጥ በ536 ታማሚዎች ላይ ከጨረርና ከሲስፕላቲን ጋር ተደምሮ ተሞክሯል፤ በሽታው እንዳይመለስ ጊዜ ገዝቷል፣ በጠቅላላ ዕድሜ ላይ ግን ቁርጥ ያለ ልዩነት አላሳየም።

በሽታው ከተሰራጨ ወይም ከተመለሰ በኋላ ነገሩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሴቱክሲማብ በኬሞ ላይ ሲጨመር በሕይወት የመቆያውን ማእከላዊ ጊዜ ከ7.4 ወደ 10.1 ወር አድርሶ ለ10 ዓመት ያህል የመጀመሪያው ምርጫ ሆኖ ቆየ። ከዚያ ሌላ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል መጣ። ይህኛው ዒላማው በካንሰሩ ላይ ሳይሆን በራሳችን ተከላካይ ሴል ላይ ነው። ተከላካይ ሴሎቻችን ፒዲ-1 የሚባል ልጓም አላቸው፤ ካንሰሩ ይህን ልጓም እየሳበ ያስቆማቸዋል፤ ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ ልጓሙን ከእጁ ያስለቅቁታል። የዚህ ልጓም ግኝት ጃፓናዊውን ታሱኩ ሆንጆን በ2018 ከጄምስ አሊሰን ጋር ለኖቤል አብቅቷል። በ882 ታማሚዎች ላይ የተሠራውና በ2019 የታተመው ጥናት ፔምብሮሊዙማብን ሴቱክሲማብ ካለበት ኬሞ ጋር አወዳድሮ፣ በዕጢያቸው ናሙና ላይ የልጓሙ ሳቢ ፕሮቲን በብዛት በታየባቸው ሰዎች 14.9 ወር ለ10.7 ወር በልጦ ተገኘ። እዚህ ላይ ምርመራው ትርጉም አለው፤ ስለዚህ የናሙና ብሎካችሁን፣ ማለትም በሰም ውስጥ የተቀመጠውን የዕጢ ቁራጭ፣ ከፓቶሎጂ ክፍል ተረክባችሁ በቤት መሳቢያ ውስጥ እንዳትጥሉት።

የዋጋው ነገር እንቅፋት መሆኑን ሳልናገር ባልፍ ትስቁብኛላችሁ። ኒቮሉማብ በተለመደው መጠን በየሁለት ሳምንቱ 240 ሚሊግራም ነው። የሙምባይ ሐኪሞች ግን የመድኃኒቱን ባሕርይ አይተው በየሦስት ሳምንቱ 20 ሚሊግራም ብቻ በርካሽ የሚዋጡ መድኃኒቶች ላይ ጨመሩበት። በ151 ታማሚዎች በተሠራው ጥናት በአንድ ዓመት በሕይወት የተገኙት ከ16.3 ወደ 43.4 በመቶ ከፍ አሉ። ትንሹ መጠን ከሙሉው ጋር በዚህ ጥናት አልተወዳደረም፤ ይህ አይረሳ። ሆኖም በእኛ ኪስ ልክ ለሚያስብ ሰው ከሁሉ ጥናት ይልቅ ዓይን የሚገባው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ እኔ ጠረጴዛ ልመለስ። ሴቱክሲማብ በጠብታ በደም ሥር የሚሰጥ ነው። የመጀመሪያው ቀን ለአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 400 ሚሊግራም በሁለት ሰዓት፣ ከዚያ በየሳምንቱ 250 ሚሊግራም በአንድ ሰዓት ይገባል። በመጀመሪያው ጠብታ ጊዜ ነርሷ ከታማሚው አጠገብ አትለይም፤ የአለርጂ መከላከያው አስቀድሞ ይሰጣል፣ አድሬናሊኑም በትሪ ላይ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል፤ ምክንያቱም አንዳንድ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሹ ሊያጥርና የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። በአሜሪካ በቴኔሲና በሰሜን ካሮላይና ይህ አደጋ ከሌላው አገር እጅግ በዝቶ ሲታይ ምክንያቱ ተፈለገ፤ በ2008 የተገኘው መልስ ለአንድ ስኳር ያለ አለርጂ ነው፤ የአለርጂው መነሻ መዥገር መሆኑም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታወቀ። እዚያ ያለው የመዥገር ዓይነት የነከሰው ሰው አጥቢ እንስሳት ሥጋ ውስጥ ለሚገኝ አንድ ስኳር አለርጂ ያዳብራል፤ ሴቱክሲማብ በአይጥ ሴል ውስጥ ስለሚመረት ያው ስኳር ተለጥፎበታል። ከዚያ ወዲህ ከጠብታው በፊት «የበሬ ወይም የበግ ሥጋ በልተው ከሰዓታት በኋላ ሰውነትዎን አሳክኮት ያውቃል?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንድ የሸመገሉ ታማሚ «ልጄ፣ ክትፎ ልትከለክለኝ ነው እንዴ?» ብለው ክፍሉን በሙሉ አሳቁት።

ጠብታው በሰላም ካለፈ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሽፍታው ይመጣል። ግንባርን፣ አፍንጫንና ደረትን የሚይዝ፣ ብጉር የሚመስል፣ መግል የሚቋጥር ሽፍታ ነው። ያው ተቀባይ በጤነኛው ቆዳችንም ላይ አለና። አንዲት እናት ልጆቻቸው «ምች መቷቸው ነው» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው ፊታቸውን ሲያሿቸው ሰንብተው፣ ቆዳቸው ተልጦ መጥተዋል። ምች አይደለም፤ ዳማከሴም፣ የብጉር ቅባትም፣ አልኮልም አይነካውም። የሚያስፈልገው ቆዳን የሚያለሰልስ ሽታ የሌለው ቅባት፣ ከፀሐይ መከለል፣ ሐኪሙ ካዘዘም ዶክሲሳይክሊን ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያሰጋኝ የማይታየው ጉዳት ነው፤ መድኃኒቱ ኩላሊት ማግኒዚየምን እንዲያፈስ ያደርጋል፣ ታማሚው ይዝላል፣ እግሩን ይሸመቅቀዋል፣ ቤተሰብም «ጨረሩ ነው ያደከመው» ይላል። ማግኒዚየሙ በደም ምርመራ መታየት ያለበት በሕክምናው ጊዜ ብቻ ሳይሆን ካለቀም በኋላ ለሁለት ወር ያህል ነው።

ስለ አቀማመጡም ልንገራችሁ። ፀረ እንግዳ አካል ፕሮቲን ነው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት። አንድ ቤተሰብ ብልቃጦቹን ከውጭ በበረዶ ሳጥን አሳምሮ አስመጥቶ፣ «እንዳይበላሽ» ብሎ ማታውን ፍሪዘር ውስጥ አሳደራቸው። ጠዋት ሲያመጡልኝ ፈሳሹ ቀልጦ ጥርት ብሎ ነበር፤ ለዓይን አንዳች ጉድለት የለውም። በረዶ ሆኖ የቀለጠ ፕሮቲን ግን ቅርጹ ሊበላሽ ይችላል፤ ለታማሚ አይሰጥም። ያን ቀን የቆጠርኩትን ብልቃጥና የከፈሉትን ገንዘብ ዛሬም አልረሳሁትም።

ከሁሉ በላይ የሚከብደው ነገር የጨረሩ ተራ ነው። የአገራችን የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት ማሽን ከተጀመረበት ከ1997 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለረጅም ዓመታት ለመላው አገር ያገለገለው ያ አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ወረፋውም በወራት ይቆጠር ነበር። በቅርብ ዓመታት አዳዲስ ማሽኖች ተተክለው እንደ ጅማ ያሉ የክልል ማእከላትም ሥራ ጀምረዋል፤ ተራው ግን አሁንም ተራ ነው። ሴቱክሲማብ ከጨረር ጋር ሲሰጥ የመጀመሪያው ጠብታ የሚገባው ጨረሩ ከመጀመሩ አንድ ሳምንት በፊት ነው። የጨረሩ ቀን ሳይቆረጥ መድኃኒቱን ገዝቶ መጀመር ማለት፣ በወርቁና በመኪናው ዋጋ ማንም ያልመረመረውን ሕክምና መውሰድ ማለት ነው። ጨረሩ ከተጀመረም በኋላ ሳይቋረጥ መጨረሱ ከማንኛውም ብልቃጥ ይበልጣል፤ የአንድ ቀን መዘግየት ዕጢውን የመቆጣጠር ዕድልን በግምት 1 በመቶ ይቀንሳል። ለልቅሶ ወደ አገር ቤት ሄዶ ሳምንት የቆየ ታማሚ ያጣው ነገር በዚህ ሒሳብ ይታወቃል።

ወጣቱ በሦስተኛው ቀን የአባቱን የኩላሊትና የመስሚያ ምርመራ ይዞ ተመለሰ። ሁለቱም ደኅና ነበሩ፤ ሐኪሙም በመጀመሪያው ትእዛዝ ጸና። መኪናው አልተሸጠም፤ አባትየውን ለሰባት ሳምንት ወደ ጨረር ሲያመላልስ የነበረው ያው መኪና ነው። በሦስተኛው ሳምንት አባትየው ራሳቸው ወደ መስኮቱ መጡ፤ ድምፃቸው ገና አልተመለሰምና ባለ ሁለት ሊትር የውኃ ጠርሙስ አንሥተው አሳዩኝና ኩላሊታቸውን ለመጠበቅ ስንት ሊትር ይጠጡ እንደሆነ በጣታቸው አንድ፣ ሁለት እያሉ ጠየቁኝ። ሲስፕላቲን የወሰዱበት ቀን ስለነበር ሁለት አልኳቸው።